ታዩ እንጂ አልተወከሉም፦ አንድ የስፔን ፊልም ስለ ውክልና የሚያስተምረን

ከአንድ ትዕይንት ልጀምር።

ቦታው ስፔን ነው፤ ኤክስትሬማዱራ የሚባለው፣ ከፖርቱጋል ጋር የሚዋሰነው ክፍል። ጊዜው 1960ዎቹ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢቫን የሚባል የባላባት ልጅ እንግዶች ጋብዞ ማዕድ ላይ ተቀምጧል። አንዱ እንግዳ የውጭ አገር ሰው ነው። ስለ ገበሬው ኑሮ ክርክር ይነሳል። ኢቫን ነገሩ ያንገበግበዋል፤ አገልጋዮቹን ያስጠራል። ወረቀትና መጻፊያ ይቀርባል። ስማችሁን ጻፉ ይባላሉ። ፓኮ ወረቀቱ ላይ ይደፋል። እያንዳንዱን ፊደል ድንጋይ እንደሚፈነቅል ሰው ይታገለዋል። ቀጥሎ ሚስቱ ሬጉላ ትጽፋለች። ኢቫን ወረቀቱን ለእንግዳው ያሳያል። ይኸው፣ የእኛ ሰዎች መጻፍ ያውቃሉ ነው ነገሩ።

ፊልሙ የተሠራበት መጽሐፍ እዚህ ጋ አንድ ነገር ይጨምራል። የሬጉላ አውራ ጣት ጠፍጣፋ ነው። አሻራ እንኳ የለውም። ዕድሜ ልኳን ሣር ስትጎነጉን ኖራ ጣቷ ቅርጹን ለውጧል። ኢቫን ይህንንም ለእንግዳው ያስረዳል፤ የሥራው ጠባይ ነው ብሎ። መጻፍ የማይችል ሰው በጣቱ ይፈርማል። የሬጉላ ጣት ግን ለዚያ የሚሆን መስመር እንኳ አልቀረለትም።

ፊልሙ «ሎስ ሳንቶስ ኢኖሴንቴስ» ይባላል። በ1984 ነው የወጣው። ዳይሬክተሩ ማሪዮ ካሙስ ነው። መጽሐፉን በ1981 ያሳተመው ሚጌል ዴሊቤስ ነው። ርዕሱ ሄሮድስ ያስፈጃቸውን የቤተልሔም ሕፃናት የሚጠራበት ስም ነው፤ «ንጹሐን ቅዱሳን» እንደማለት። በስፔንኛ ግን «ኢኖሴንቴ» የሚለው ቃል ሌላም ትርጉም አለው። አእምሮው እንደሌላው ሰው ያልበሰለን ሰው የገጠሩ ሕዝብ እንዲያ ይለዋል። የእኛ «የዋህ» እንደዚያው ነው። አንዳንዴ ሙገሳ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከንፈር መምጠጥ።

ስለ ፊልም ሲወራ ሁለት ቃላት አብረው ይነሳሉ፤ ብዝኃነትና ውክልና። ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ይወሰዳሉ። አይደሉም። ብዝኃነት «ስክሪኑ ላይ እነማን አሉ?» የሚል ጥያቄ ነው። ሴት አለች? ድሃ አለ? አካል ጉዳተኛ አለ? ይህን ቆጥሮ መመለስ ይቻላል። ውክልና ግን በቆጠራ አይመለስም። ታሪኩ በማን ዓይን ነው የሚታየው? ያ ሰው የራሱ ፍላጎት፣ የራሱ ቂም፣ የራሱ ስም አለው? ወይስ ሌላው ሰው ጥሩ ወይም መጥፎ ሆኖ እንዲታይ ብቻ ነው የገባው?

የፊርማው ትዕይንት ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ፓኮና ሬጉላ መሃል ላይ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያየው እነሱን ነው። ግን ለኢቫን ማስረጃ ሊሆኑ ነው የተጠሩት። ታዩ እንጂ አልተወከሉም። ፊልሙ ደግሞ ይህንኑ ለእኛ ሲያሳየን ከኢቫን ተቃራኒውን ይሠራል። የኢቫንን ኩራት በእነሱ ድካም በኩል እንድናየው ያደርገናል። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ወረቀት ላይ፣ ሁለት ዓይነት ማሳየት።

ይህ ቤተሰብ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ መሬቱ መሄድ ያስፈልጋል። የኤክስትሬማዱራ መሬት ሰፋፊና በጥቂት ሰዎች እጅ የነበረ ነው። «ኮርቲሆ» የሚሉት ግቢ መሃሉ ላይ የጌቶች ቤት፣ ዳር ዳሩን የሠራተኛው ጎጆ ነው። በመጋቢት 25 ቀን 1936 ወደ 60,000 የሚጠጉ መሬት የለሽ ገበሬዎች የኤክስትሬማዱራ ክፍል በሆነው በባዳሆስ ግዛት ወደ 3,000 የሚሆኑ ርስቶች ላይ ገብተው ማረስ ጀመሩ። ወራት ሳይቆይ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። በኋላ አገሪቱን በአምባገነንነት የገዛው ጄኔራል ፍራንኮ አሸነፈ፤ መሬቱ ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ። ሬጉላና ፓኮ ከዚያ ሽንፈት በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ይህን ታሪክ በቃል አይነግረንም። በአቋቋማቸው፣ ዓይናቸውን በሚሰብሩበት መንገድ ያሳየናል። «ጭሰኛ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ስላለ እኛ ብዙ ማብራሪያ አንፈልግም።

አሁን ሌላ ቤተሰብ ላምጣ። በ1962 ስፔን ውስጥ «ላ ግራን ፋሚሊያ» የሚባል ፊልም ወጣ፤ ትልቁ ቤተሰብ ማለት ነው። ማድሪድ ውስጥ የሚኖሩ አባትና እናት፣ 15 ልጆች፣ አንድ አያት። አባትየው ብዙ ይሠራል፣ ኑሮ ይከብዳል፣ ግን ቤቱ ሳቅ ነው። የገና ሰሞን ትንሹ ልጅ ፕላሳ ማዮር የሚባለው አደባባይ ላይ ይጠፋል፤ አያትየው ስሙን እየጠራ ሲፈልገው ስፔን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የሚወደድ ፊልም ነው፤ እኔም አልንቀውም። ግን መንግሥትም ወዶታል፤ «የብሔራዊ ጥቅም» ፊልም ብሎ ሰይሞታል። የፍራንኮ መንግሥት ብዙ ለወለደ ቤተሰብ ሽልማት ይሰጥ ነበር። ሕዝቡ እንዲያየው የተፈለገው ቤተሰብ ይህ ነበር፤ ከተሜ፣ ጨዋ፣ ደስተኛ።

የሬጉላና የፓኮ ቤተሰብ የሚኖረው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው። ያኔ ግን እንዲህ ያለውን ቤት እንዲህ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ሳንሱሩን ሊያልፍ አይችልም ነበር። ሳንሱሩ የተነሳው በ1977፣ ፍራንኮ ከሞተ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የ1960ዎቹ ገበሬ በዚህ መልኩ ስክሪን ላይ የወጣው 20 ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። አለመወከል ሲባል አንዱ ይኸው ነው። ቤትህ አለ፣ ልጆችህ አሉ፣ መከራህ አለ፤ አገሪቱ ቤተሰብ ብላ የምትስለው ሥዕል ውስጥ ግን የለህም።

የፊልሙ ታሪክ ባጭሩ ይሄ ነው። ፓኮና ሬጉላ ድንበር ላይ ካለች ጎጆ ወደ ዋናው ኮርቲሆ ይጠራሉ። ሬጉላ ደስ ይላታል። ልጆቿ ሊማሩ ነው። ሴቷ ልጅ ኒዬቬስ ግን በደረሱ ማግስት ለርስቱ አስተዳዳሪ ቤት ሠራተኛ ትሆን ይባላል። ሬጉላ የምትመልሰው መልስ በስፔን እንደ ተረት የሚጠቀስ ሆኗል። ይዘዙን፣ ያለነው ለዚሁ አይደል የሚል ነው። ፊቷ ግን ሌላ ነገር ይላል። ተዋናይቷ ቴሬሌ ፓቬስ ናት። አፏ እሺ እያለ ዓይኗ ልጇ ስትቀበር የሚያይ ይመስላል። ይህችን ደቂቃ ብቻ ብዙ ጊዜ መልሼ አይቻታለሁ።

የቤቱ ታናሽ ልጅ «ኒኛ ቺካ» ትባላለች፤ ትንሿ ልጅ ማለት ነው። ከባድ ጉዳት አለባት፤ አትናገርም፣ አትራመድም። አንዳንዴ ትጮኻለች። ጩኸቷ ቤቱን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ የሬጉላ ወንድም አዛርያስ ይመጣል። አዛርያስ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለው ጌታ ሲያረጅ አባሮታል። እጁ በብርድ እንዳይሰነጠቅ ሽንቱን ይሸናበታል። እስከ 11 ይቆጥርና ወደ 43 ይዘላል። ወፍ ያሳድጋል፤ ከአፉ ያጎርሰዋል ማለት ይቻላል። «ሚላና ቦኒታ» ይለዋል፤ የኔ ቆንጆ እንደማለት። ኒኛ ቺካንም አቅፎ ያንኑ ቃል ይላታል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። የዚህ ፊልም ብዝኃነት የቆዳ ቀለም አይደለም። የሃይማኖትም አይደለም፤ ጌታውም አገልጋዩም አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሳለሙት። ቋንቋቸውም አንድ ነው፣ አነጋገሩ ቢለያይም። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁሉም «ስፔናውያን» ናቸው። ግን አንዱ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓለም አለ። ብዝኃነት የሚለውን ቃል ለዘርና ለአገር ብቻ የለመደ ሰው ይህን ፊልም ቢያይ ልዩነት አንድ ዓይነት በሚመስል ሕዝብ ውስጥም ምን ያህል ጥልቅ እንደሚሆን ይገባዋል።

ፊልሙ ውክልናን እንዴት አመጣው? መጀመሪያ በአወቃቀሩ። አራት ክፍል አለው። ክፍሎቹ ኪርሴ፣ ኒዬቬስ፣ ፓኮና አዛርያስ በሚሉ ስሞች ይጠራሉ። ኪርሴ ወንዱ ልጅ ነው፤ ወታደር ሆኖ ሲመለስ ነው ታሪኩን የምንገባበት። ለኢቫን ክፍል የለውም። ለእናቱ፣ ለእሜቴ ማርኬሳም የላቸውም። ግቢው የእነሱ ነው፣ መሬቱ የእነሱ ነው፤ ታሪኩ ግን አይደለም። መጽሐፉ እንዲህ አልተከፈለም፤ ስድስት ክፍል አለው፣ አንዳንዱም በድርጊት ስም ነው የሚጠራው። ክፍሎቹን ሁሉ በሰው ስም መጥራቱን ካሙስ ነው ያመጣው። ለእኔ ከፊልሙ ትልልቅ ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ተዋናዮቹ ናቸው። ፓኮን የሚጫወተው አልፍሬዶ ላንዳ ነው። ላንዳ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የቀላል ኮሜዲ ንጉሥ ነበር፤ ያ ዓይነት ፊልም በስሙ «ላንዲስሞ» እስከ መባል ደርሷል። ሕዝቡ ሲያየው ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነው። እዚህ ፊልም ላይ ላንዳ በአራት እግሩ መሬት ላይ ይሆናል። አፍንጫውን አፈር ላይ አድርጎ የወደቀችውን ቆቅ ሽታ ይከተላል። ኢቫን ለእንግዶቹ ይኮራበታል፤ ከውሻ የበለጠ ያሸታል ብሎ። ተመልካቹ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ይባስ ብሎ ፓኮ ራሱም በዚህ ችሎታው ይኮራል። ፊልሙ ይህን ኩራት አይደብቅም። ድሃን ንጹሕ መልአክ አድርጎ መሳል ቀላል ነበር። ፓኮ ግን ውርደቱን እንደ ሙያ የያዘ፣ ጌታውን የሚወድ ሰው ሆኖ ነው የቀረበው። እውነተኛ ውክልና እንዲህ የሚያሳፍረውንም ይጨምራል።

አዛርያስን የተጫወተው ፍራንሲስኮ ራባል ነው። በ1984 ካን ፌስቲቫል ላይ ራባልና ላንዳ የምርጥ ተዋናይ ሽልማቱን አብረው ወሰዱ። ፊልሙንም በስፔን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲኒማ ገብቶ አየው።

ግን እዚህ ጋ መቆም አለብን። ራባል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው አይደለም። ድንቅ ተዋናይ ነው፤ አንገቱን፣ ጥርሱን፣ አሯሯጡን ሳይቀር ሠርቶበታል። ያኔ ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ አልነበረም። ዛሬ ይጠየቃል፤ ተገቢም ነው። አካል ጉዳተኛ ገጸ ባሕርይ ሽልማት ያመጣል፤ ሽልማቱን የሚቀበለው ግን ጉዳቱ የሌለበት ሰው ነው። ይህ በአንድ ፊልም ላይ የሚጣል ጥፋት አይደለም፤ የሙያው ሁሉ ልማድ ነበር።

ልማዱ ምን ያህል እንደቆየ ለማየት የስፔንን ሕገ መንግሥት እንይ። የ1978ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ስለ አካል ጉዳተኞች ሲናገር «ዲስሚኑዊዶስ» ይል ነበር። የተቀነሱ፣ የጎደሉ ማለት ነው። ይህ ቃል የተቀየረው በ2024 ነው። የአገሪቱ ትልቁ ሕግ ሰውን «ጎደሎ» እያለ ከ45 ዓመት በላይ ቆየ። ሲኒማው ትንሽ ቀደም ብሏል። በ2018 ሃቪየር ፌሴር «ካምፔዮኔስ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች እንዲጫወቱ አካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ራሳቸውን ነው ያሰለፈው። ከእነሱ አንዱ፣ ማየት የሚቸገረው ሄሱስ ቪዳል፣ በ2019 የስፔን ሲኒማ ሽልማት በሆነው ጎያ ላይ ምርጥ አዲስ ተዋናይ ተባለ። መድረክ ላይ ወጥቶ ሦስት ቃል ወደ አእምሮዬ ይመጣል አለ፤ አካታችነት፣ ብዝኃነት፣ መታየት። አዳራሹ በእንባ ነበር።

ታዲያ አዛርያስ ያረጀ ነገር ነው? አይመስለኝም። ኢቫን በጥይት ምን እንደሚያደርግ ካሰብን ነገሩ ይወሳሰባል። ፊልሙን ያላየ ሰው ይህን አንቀጽና ቀጣዩን ይዝለል። ፓኮ ለአደን ዛፍ ላይ ወጥቶ ይወድቃል፣ እግሩ ይሰበራል። ኢቫን ሳይድን መልሶ ያስወጣዋል፤ እግሩ እንደገና ይሰበራል። አዛርያስ በፓኮ ፈንታ ለአደን ይወሰዳል። የዚያን ቀን የሚታደን ወፍ ይጠፋል። ኢቫን ብስጭቱን የአዛርያስን ሚላና ተኩሶ ይወጣዋል። አዛርያስ እየለመነው ነው የሚተኩሰው። በሌላ ቀን አዛርያስ ዛፍ ላይ ሆኖ ገመድ ያወርዳል፤ ኢቫንን ያንቀዋል።

ተመልካች እዚህ ላይ እፎይ ይላል። እኔም ብያለሁ። ግን አስቡት። የቤተሰቡ ሁሉ ቁጣ ተጠራቅሞ የተሰጠው ለማን ነው? «አያውቅም» ለተባለው ሰው። አእምሮው ሙሉ የሆነው ፓኮ አንድም ቀን እጁን አላነሳም። ፊልሙ ድሃው እንዲበቀል ፈለገ፤ ግን በቀሉ በሕግ ሊጠየቅ በማይችል ሰው እጅ እንዲሆን አደረገ። ጽድቁም ወንጀሉም አዛርያስ ላይ ወደቀ። መጨረሻው የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ነው። ይህ ለታሪኩ ኃይል ይሰጠዋል። ለአካል ጉዳተኛው ውክልና ግን እዳ ነው። የሌላውን ሸክም ተሸክሞ ከመንገድ የሚወገድ ሰው ሆነ። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ይህን ግን ሳልናገር አላልፍም።

አንድ ሌላ ቅሬታም አለኝ፤ ሬጉላ። አራት ክፍሎች አሉ ብያለሁ። በእሷ ስም የሚጠራ የለም። ቤቱን የምትሸከመው እሷ ናት። ኒኛ ቺካን የምታጥበው እሷ ናት። ወንድሟን የምትቀበለው እሷ ናት። በኮርቲሆው የተሰጣት ሥራ ደግሞ በር መክፈት ነው። ጌቶች በመኪና ሲመጡ ትሮጣለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ ሲያልፉ ትዘጋለች። ፊልሙም እንደዚያው ያደረጋት ይመስለኛል። ለሌሎቹ ታሪክ በር ትከፍታለች፤ የራሷ ክፍል የላትም። ቴሬሌ ፓቬስ ያንን ቦታ በፊቷ ብቻ ነው የሞላችው።

ዴሊቤስ ራሱ ገበሬ አልነበረም። የቫያዶሊድ ከተማ ልጅ፣ ጋዜጠኛ፣ የተማረ ሰው ነበር። አደንም እጅግ ይወድ ነበር። አንድ ሰው ከራሱ መደብ ውጪ ስላለ ሰው መጻፍ ይችላል ወይ ለሚለው ክርክር እሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። መልሱ የሚገኘው ባደረገው ነገር ላይ ነው። በየገጠሩ ሲያድን አብረውት የሚሄዱትን ሰዎች አነጋገር ያዘ። መጽሐፉን ሲጽፍ በየክፍሉ ውስጥ አንድም አራት ነጥብ አላስገባም። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው፤ ልክ ሽማግሌ እሳት ዳር እንደሚያወራ። የአዳኙን ጭካኔ ከማንም በላይ የሚያውቀው ደግሞ እሱ ነው፤ ኢቫንን ሲስል የሚያውቀውን ዓለም እየሳለ ነው።

ከሁሉም አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ኪርሴ ነው። አባቱ እግሩ ሲሰበር ኢቫን እሱን ለአደን ይወስደዋል። ኪርሴ ሥራውን ጥንቅቅ አድርጎ ይሠራል። አይለማመጥም፣ አይስቅም። ሲጠየቅ አዎ ወይም አይደለም ይላል። ኢቫን ጉርሻ ሊሰጠው ገንዘብ ይዘረጋል። ኪርሴ አልፈልግም ይላል፤ በትሕትና፣ ያለ ቁጣ። በመጽሐፉ ላይ ኢቫን ማታ ማዕድ ላይ ለእንግዳው ሚኒስትር ያማርራል። የዘንድሮ ልጆች ምን እንደሚፈልጉ አይታወቅም ይላል። መቶ ፔሴታ ሰጠሁት እኮ፣ አልወሰደም። ልጁ አልሰደበውም፣ አላመፀም። ኢቫን ግን እራቱን እስኪጨርስ ነገሩ አይለቀውም።